ጠባቡ ሰባ ሰባት

ዶሪን ሃዝላም ደረጃውን በቂጧ እየተንፏቀቀች ስትወርድ ነው ባሏ በስልክ ሲያወራ የሰማችው። ከጉልበቷ ጋር ከተጣላች ሁለት ክረምት አልፏል። ጠዋት ከመኝታ ቤት የምትወርደው እንደ ሕፃን ልጅ አንድ ደረጃ ቁጭ፣ ደግሞ አንድ ደረጃ ቁጭ እያለች ነው። እንዲህ ሆና ሰው እንዲያያት ስለማትወድ ዊልፍ በዚያ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ዝር አይልም፤ ወጥ ቤት ገብቶ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ዛሬ ግን ስልኩ ጮኾ አስወጥቶታል። ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ቆሟል። እሷም መሐል ላይ ቆም ብላ ጆሮዋን ጣል አደረገች። «ቡናማ ነው፤ ግን የቸኮሌት ቡናማ አይደለም፤ በደንብ የፈላ ሻይ ዓይነት» ይላል ዊልፍ። «ጠርዙ ላይ ጠቆር ይላል። የንግሥቲቱ ፀጉር ከጆሮዋ በላይ ተበልቷል... አዎ፣ ጭረት የለውም። ልስልስ ያለ ነው።» ልጁ ገበያ መሐል የጠፋበት አባት ለፖሊስ ምልክት የሚናገር ነበር የሚመስለው። ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠና «ለምሳ ና እንጂ! እናትህ ደስ ይላታል» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

«ማን ነው?» አለችው ከላይ ሆና።

ዞር ሲል ሁለት እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ነበር። «ራስል ነው፤ የኛው ራስል! ጠባቡን ሰባ ሰባት ሊያይ ይመጣል። እሱ ራሱ ነው የጠየቀኝ፣ ዶሪን።»

«ማን ነገረው ስለሱ?»

«እኔ ነኛ። በበጋው ፎቶውን ልኬለት አልነበር?»

«አራት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ዛሬ?»

«ዛሬ ይሁን። ምናለበት?» አለና ወደ ወጥ ቤት ገባ። ዶሪን የቀሩትን ደረጃዎች ከወትሮው ቀስ ብላ ወረደች። እናት ልጇ ሊመጣ ነው ሲሏት መቸኮል እንዳለባት ታውቃለች።

ከዊልፍ ፔኒዎች ጋር ዶሪን አርባ ዓመት አብራ ኖራለች። ለእሷ ሁሉም አንድ ናቸው፤ የጥንቱ ትልቅ የነሐስ ፔኒ፣ በአንድ ፊቱ ንጉሥ ወይም ንግሥት፣ በሌላው ፊቱ ጋሻዋንና ሹካ የመሰለ ጦሯን ይዛ ባሕር ዳር የተቀመጠች ሴት፣ ከሴትዮዋ እግር ሥር ደግሞ የተመታበት ዓመት። መገበያያነቱ ከቀረ ሰንብቷል። ዊልፍና መሰሎቹ ግን የሚሰበስቡት ፔኒውን አይደለም፤ ዓመቱን ነው፤ ዓመቱንም ሳይሆን የዓመቱን አጻጻፍ። በአንድ ዓመት ሚሊዮኖች ይመታሉ፤ ሁሉም ተራ ናቸው፤ ያረጀው ሁለት ፓውንድ ቢያወጣ ነው። ከዚያ ሁሉ መሐል ግን ቁጥሮቹ ጠጋ ጠጋ ብለው የተቀረጹበት አንድ የማተሚያ ብረት ኖሮ፣ ከእሱ የወጡ ጥቂት ፔኒዎች ይገኛሉ። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው፤ ለዚያች ፀጉር ሰዎቹ እንቅልፍ ያጣሉ። የ1877ቱ ጠባቡ እንዲህ ያለ ነው፤ የሚታወቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዊልፍ አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ እስኪወጣ፣ ከወጣም በኋላ፣ በከተማቸው በበርንሊና በዙሪያዋ ባሉ የቅዳሜ ገበያዎች ያልገለበጠው፣ አሮጌ ሳንቲም የሚሸጥበት የብስኩት ቆርቆሮ የለም። ባለፈው ፀደይ ከአንዱ ቆርቆሮ ውስጥ አገኘው። ሦስት ፓውንድ ከፈለ፤ ቤት እስኪደርስ ትንፍሽ አላለም፤ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዶሪን ሰው የሞተ መስሏት ነበር።

የፔኒ ሰብሳቢዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሚስተር ክሌግ ፎቶውን አይቶ ስምንት ሺህ ፓውንድ ገምቶለታል። ሰኞ መጥቶ ይወስድና ለንደን ጨረታ ላይ ያወጣለታል። ስምንት ሺሁ ገና ሳይያዝ ቦታው ተይዟል። ከከተማው የውኃ ቦይ ማዶ ደረጃ የሌለው የምድር ቤት አፓርታማ አለ፤ ባለቤቶቹ ቀብዱን እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቋቸው ቃል ገብተዋል። መታጠቢያ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ጎን ነው። ሌላ ሰው ይህን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል። አሁን ባሉበት ቤት ሽንት ቤቱ ከታች፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ስለሆነ ግን ዶሪን ሌሊት ሲመጣባት ደረጃውን እያሰበች እስኪነጋ ትይዘዋለች። በሰባ አራት ዓመቷ ያንን ቤት ያህል የፈለገችው ነገር የለም። ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታዋለች፤ የመስኮቶቹን ስፋት በክንዷ ለክታ መጋረጃ መርጣለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ደላላው ዞር ሲልላት ከመኝታ ቤቱ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ሄዳ ተመልሳ ለብቻዋ ስቃለች።

ራስል በዚህ ቤት ከበላ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የዚያን ጊዜ መጥቶ ሲሄድ ከእሳት ምድጃው በላይ የነበረችው የእናቷ የናስ ሰዓት አብራው ሄደች። ዊልፍ ምንም አልተናገረም፤ በማግስቱ ከገበያ በአሥራ ሁለት ፓውንድ ሌላ ሰዓት ገዝቶ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጠና ጋዜጣውን ገለጠ። ዶሪን ግን አላስችላት ብሎ በስልክ «ልጄ፣ የአያትህን ሰዓት አይተሃታል?» አለችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ድምፅዋን አለስልሳ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ድምፁን አጠፋ። ለገና ካርድ እንኳ አልላከም። ዊልፍ «አንቺ ነሽ ያስኮረፍሽው» ብሎ አያውቅም። ቢላት ይሻላት ነበር። አለማለቱ ግን ቤቱ ውስጥ ቀርቶ፣ ሁለቱ ሻይ ሲጠጡ ሁልጊዜ የሚሰማ ነገር ሆነ።

ዊልፍ ሥጋ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ዘጠኝ ፓውንድ ከሠላሳ የከፈለበትን ምርጥ ጭቅና ይዞ መጣ። «አብደሃል?» አለችው። «ለፓይ የሚሆነው የተከተፈው እኮ አራት ፓውንድ ነው። ለእኔና ለአንተ ያንን እንኳ ሳምንት አስበን ነው የምንገዛው።» «ልጁ በየቀኑ አይመጣም» አላት። ቀዩን የኮምጣጤ ጎመንም ገዝቷል፤ ራስል በልጅነቱ ይወደው የነበረውን፣ ባለ አንድ ፓውንድ ከስልሳውን። ዶሪን የፓዩ ሥጋ የሚሸፈንበትን ሊጥ እየዳመጠች በበሩ በኩል ታየዋለች። የሳሎኑን ጠረጴዛ ጠርጎ አረንጓዴውን ጨርቅ አነጠፈ፤ አነሳና አራግፎ እንደገና አነጠፈው። ትንንሾቹ የወረቀት ፖስታዎች የሚደረደሩበትን የእንጨት ሣጥን አወረደ። ማጉያ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። ያፏጫል። ሲያፏጭ ከሰማችው ስንት ጊዜዋ ነው! ደስታውን ስታይ አሳዘናት፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደችበት፤ ለማን ብሎ ነው እንዲህ የሚሆነው?

ፔኒ ሰብሳቢዎች አንድ ሕግ አላቸው። ዶሪን ስለ ፔኒ ከምታውቀው ጥቂት ነገር ይኼ ዋነኛው ነው፤ ጨርቁ ላይ ሁለት ፔኒ አንድ ላይ አይወጣም። አንዱ ይወጣል፣ ይታያል፣ ይገባል፤ ከዚያ ሌላው። የሚመሳሰሉ ነገሮች ናቸውና እጅ ይሳሳታል፤ እጅ ባይሳሳት ልብ ይሳሳታል። ዊልፍ በዚህ ቀልድ አያውቅም። ክሌግ ራሱ፣ ያ ኩሩ ሰው፣ አንድ ጊዜ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ የራሱን ፔኒ ከዊልፍ ፔኒ ጎን ቢያስቀምጥ ዊልፍ እጁን ቸብ አድርጎት «ቤቴ ውስጥ አይደረግም!» ብሎታል። ክሌግም ይቅርታ ጠይቋል። ፔኒው ወደ ፖስታው ሲመለስም ያለ መነጽር አይመለስም፤ ዊልፍ ቁጥሮቹን አይቶ፣ ደግሞ አይቶ ነው የሚከተው። ከመተኛቷ በፊት በሩን ቆልፋ ደግማ እንደምትፈትሽ ሴት ነው።

ራስል ሲደርስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ዶሪን በሳሎኑ መስኮት አየችው። ከመንገዱ ማዕዘን ላይ ከቆመ ግራጫ መኪና ወርዶ አንገቱን ሰብሮ ይመጣል። መኪናው አልሄደም። ሞተሩም አልጠፋም። መሪው ላይ ሰፊ ትከሻ ያለው አንድ ሰው ተቀምጦ ቤቶቹን አንድ በአንድ ያያል፤ የሚገዛቸው ይመስል።

«እማዬ!» አለና አቀፋት። አጥንቱ ወጥቷል። ኮቱ አዲስ ነው፤ ጫማው ግን ጫፉ ተከፍቷል። ከነዳጅ ማደያ የተገዛ አበባ ሰጣት፤ አራት ከዘጠና ዘጠኝ የሚለው ወረቀት ከላስቲኩ አልተነሣም። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ዶሪን ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ብታየው ደስ ባላት፤ እሱ ግን ዓይኑን ቀድሞ ወደ ጠረጴዛው ልኮት ነበር።

ፓዩን ቆርሳ አቀረበችለት። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አንድ ላይ በፕላስተር ታስረዋል፤ ሹካውን በቀኙ ብቻ ይዞ ይታገላል።

«ጣትህ ምን ሆኖ ነው?»

«የመኪና በር ዘጋብኝ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም፣ እማዬ።»

ዊልፍ ሳህኑን እያየ ነበር። ስለ ዝናቡ አወሩ። የእግር ኳስ ቡድናቸው እንደገና መውረዱ እንደማይቀር አወሩ። ማንችስተር የቤት ኪራይ እንዴት ሰማይ እንደነካ ራስል ነገራቸው፤ ለአንዲት ክፍል ዘጠኝ መቶ። ስለ ሰዓቷ ማንም አላነሣም፤ ራስል ምድጃው ላይ ያለችውን ባለ አሥራ ሁለት ፓውንድ ሰዓት አይቶ ቶሎ ዓይኑን መለሰ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሦስቱም ጎመኑን እያመሰገኑ በሉ። የራስል ስልክ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ በየጊዜው ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር መጉረሱን ያቆማል።

«መኪና ውስጥ ያለው ሰውዬ ማነው?» አለች ዶሪን። «ይግባና ይብላ እንጂ። ፓይ ሞልቷል።»

«ተይው። በልቷል።»

«ሻይ እንኳን ልውሰድለት?»

«እማዬ፣ ተይው አልኩሽ!» አለ፤ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሥራ ቦታ የማውቀው ልጅ ነው። ዓይን አፋር ነው።» ዶሪን በመስኮት ያየችው ሰው ምንም ቢሆን ዓይን አፋር አይደለም።

ዕቃውን አነሣስታ ወጥ ቤት ገባች። ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ የሁለቱን ድምፅ ትሰማለች፤ የዊልፍ ድምፅ ወጣት ሆኗል። «አየህ፣ እዚህ ጋ፣ ሁለቱ ሰባቶች... መነጽሩን ወደ ዓይንህ አስጠጋው፣ ወደ ፔኒው አይደለም። ረሳኸው? ዘጠኝ ዓመትህ እያለ እኮ ከእኔ ይልቅ አንተ ነበርክ የምታይ!» ራስል ሳቀ። እንደ ድሮው ሳቅ ነበር፤ ዶሪን ከኩባያዎቹ መሐል ደኅናዋን ለእሱ መረጠች፤ ምናልባት በልጄ ላይ ክፉ እያሰብኩ ነው አለች፤ ምናልባት እውነት አባቱን ናፍቆ ነው። ትሪውን ሞልታ አነሣችና ወደ ሳሎኑ በር ሄደች።

«እኔም አንድ ገዝቻለሁ» ይላል ራስል በዚያች ቅጽበት። «ተራውን፣ ሰፊውን። ሁለት ፓውንድ።» ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ፈታው። ዶሪን ከበሩ ሆና አየችው። ቡናማ ነበር። የቸኮሌት ቡናማ ሳይሆን፣ በደንብ የፈላ ሻይ። ጠርዙ ጠቆር ያለ። የዊልፍ እጅ ተነሥቶ የልጁን እጅ ቸብ እስኪያደርግ፣ «ቤቴ ውስጥ አይደረግም» እስኪል ጠበቀች።

«ጎን ለጎን አድርጋቸው» አለ ዊልፍ። «ልዩነቱ የሚታየው እንደዚያ ነው።»

ዶሪን የሰማችውን አላመነችም። ሁለት ፔኒ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ተቀመጡ፤ ጠባቡ በስተቀኝ፣ ሰፊው በስተግራ። አባትና ልጅ ጭንቅላታቸው እስኪነካካ ድረስ ጎንበስ አሉባቸው። ከዚያ ዊልፍ «ብርሃኑ አነሰ» ብሎ ተነሣና ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶ የመጋረጃውን ገመድ ሲጎትት፣ ሲያስተካክል፣ እንደገና ሲጎትት ቆየ። አንድ መጋረጃ ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅም። የራስል ቀኝ እጅ ጨርቁ ላይ አለፈች። መንቀጥቀጥ የለ፣ መቸኮል የለ፤ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ፤ እጁ ወደ ጉልበቱ ስትመለስ ሁለቱ ፔኒዎች እንደነበሩት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዶሪን በገዛ ዓይኗ አየች። ትሪው ላይ ያሉት ኩባያዎች ተንቀጫቀጩ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ራስል!» ብትል ይበቃ ነበር። አፏ ውስጥ የነበረው ስም ግን አልወጣም፤ ያቺ የሰዓት ጥያቄ ሦስት ዓመት አስከፍላታለች፤ የታሰሩት ጣቶቹ አሉ፤ ደጅ ሞተሩን ያላጠፋው ሰውዬ አለ። የፈለገችው ቤት፣ ደረጃ የሌለው ቤት፣ እዚያ ጨርቅ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ አየችውና «ሻይ ደርሷል» አለች።

ራስል ሻዩን ግማሽ ድረስ ጠጣ። በስተግራ ያለውን ፔኒ አንሥቶ በመሐረቡ ጠቀለለና ኪሱ ከተተ። ስልኩ አንድ ጊዜ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ዊልፍ እስከ በር ሸኘው፤ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «ዓይንህ ዛሬም ጥሩ ነው» አለው። ዶሪን ሳመችው፤ ጉንጩ ቀዝቅዟል። ግራጫው መኪና ሲሄድ ዊልፍ እጁን አውለበለበ፤ ማንም መልሶ አላውለበለበለትም።

ገብቶ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ፔኒ አነሣ። ጠርዙን ይዞ፣ እንደ ልማዱ። መነጽሩ እዚያው አጠገቡ ነበር። አላነሣውም። ፔኒውን ወደ ፖስታው ከተተ፣ ፖስታውን ወደ ሣጥኑ፣ ሣጥኑን ዘጋው። አርባ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ አይታ አታውቅም።

«አታየውም?» አለችው።

«ምኑን?»

«በመነጽሩ።»

«ዓይኔ ደክሟል» አለና ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ስልኩን አነሣ። በሩን አልዘጋውም። ክሌግ ዘንድ ነበር የደወለው። «ክሌግ? ዊልፍ ነኝ። ሰኞ መምጣቱን ተወው... ተሳስቻለሁ። ሰፊው ነው። አዎ፣ ተራው።» የክሌግ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እስከ ሳሎኑ ይሰማል፤ ፎቶውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጠባቡ ነበር፣ የፎቶው ፔኒ የት ሄደ፣ ተሰርቀህ እንደሆነ ንገረኝ፣ ዛሬውኑ በአገሩ ላሉ ነጋዴዎች ሁሉ አሳውቃለሁ ይላል። ዊልፍ ግድግዳውን በጥፍሩ ይፍቃል። «አይ፣ አልተሰረቅሁም። ፎቶው... ፎቶው የእኔ ፔኒ አይደለም፣ ክሌግ። ከሌላ ሰው ያገኘሁት ፎቶ ነው። ላስደንቃችሁ ብዬ ነው።»  ማዶ ያለው ድምፅ በጣም ዝግ ብሎ ስለ ማኅበሩ አንድ ነገር ተናገረ። «ይገባኛል» አለ ዊልፍ። «የአባልነት መታወቂያዬን በፖስታ እልክላችኋለሁ።» ስልኩን ዘግቶ እጁን እላዩ ላይ እንዳደረገ ቆየ።

በፔኒ ሰብሳቢዎች ዘንድ ከሌባ ይልቅ አታላይ ይጠላል። ለአርባ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዓመት ተሳስቶ አያውቅም የሚባለው ሰው፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ስሙን አውልቆ ጣለ። ዶሪን ለምን እንደሆነ ገባት፤ ክሌግ ለነጋዴዎቹ ካሳወቀ ፔኒው ሊሸጥ በወጣበት ቦታ ሁሉ ልጁ ይያዛል። ገባት፤ ግን ቁጣዋ አልበረደም።

«አይቼዋለሁ፣ ዊልፍ» አለችው ሲገባ።

«አውቃለሁ።»

«አንተስ መጋረጃው ጋ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ትሠራ ነበር?»

«ጊዜ እየሰጠሁት ነበር» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በአንድ ቀን ያረጀ መሰላት። «ከጠዋት ጀምሮ አውቄያለሁ። ፔኒ የናፈቀው ሰው ስለ ቁጥሮቹ ነው የሚጠይቀው፤ ምን ያህል ተጠጋግተዋል ይላል። እሱ ቀለሙን ጠየቀኝ፤ ቀለም የሚያስፈልገው ለሚለውጥ ሰው ነው።»

«እና ነገርከው! ሲያፏጭ የዋለውም ይኼው ሰውዬ ነው!» ባዶውን አረንጓዴ ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ ጎትታ አነሣችው። «እኔስ? ጉልበቴስ? ያ ቤት የኔ ነበር፣ ዊልፍ። አንድ ቃል አማክረኸኛል? ሌሊት ሌሊት እንደ ሕፃን አልጋዬ ላይ የምጨነቀው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።»

«ጣቶቹን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ሰውዬውንስ?»

«አይቻለሁ አልኩህ! እንግዲያው ለምን አትሰጠውም ነበር? እንካ ልጄ፣ ውሰደው ብትለው ምን ነበረበት?»

ዊልፍ ማጉያ መነጽሩን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ውጭ ዝናቡ ጠንክሯል። «ብሰጠው ያፍራል» አላት። «ያፈረ ልጅ ደግሞ የአባቱን ደጅ አይረግጥም። በሰዓቷ ጊዜ አይተነዋል። ያላወቅንበት ከመሰለው ግን ተመልሶ ይመጣል። እኔ እሱን ብቻ ነው የምፈልገው፤ ይምጣ። ሌላውን ተዪው።»

 ዶሪንን አሳዘናት፤ ልትመታውም አማራት። ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ እያጠበችም አለቀሰች፤ ለፔኒው ይሁን ለቤቱ ወይም ለልጇ ለራሷም አልለየላትም።

ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ። ዊልፍ ሮጦ አነሣ። «ራስል! መንገድ ላይ ናችሁ? ... ቅዳሜ? እንዴታ! ... አለኝ እንጂ፣ የ1863ቱ፣ ቀጭኑ ሦስት። እሱ ደግሞ ውድነቱ ከዚህኛው ይብሳል፤ ሦስቷ ቁጥር እንደ ክር ነች...» ድምፁ እየሳሳ ሄደ፤ ግን አላቆመም። ዶሪን እጇን ሳታደርቅ ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ስልኩን ከእጁ ወሰደችበት። ዊልፍ «አደራ» በሚል ዓይን አያት።

«ራስል።»

«አቤት፣ እማዬ።» ከኋላው የመኪናው ሞተር ይሰማል።

«ልጄ፣ ቅድም አይቼሃለሁ።»

ከዚያ መስመሩ እስኪቋረጥ ጠበቀች። በአንድ የለሰለሰ ጥያቄ ሦስት ዓመት የጠፋ ልጅ ነው፤ ይኼ ደግሞ ጥያቄ እንኳ አይደለም። መስመሩ ግን አልተቋረጠም።

«አውቃለሁ» አለ ራስል። ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም። «ትሪውን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ አይቼሻለሁ። እንደማትናገሪ አውቄ ነው።» ቀጥሎም «ቅዳሜ በምሳ ሰዓት እደርሳለሁ» አለ። ከአጠገቡ አንድ የማታውቀው የወንድ ድምፅ «ሽማግሌው ስንት ፔኒ ቀርቶታል ብለህ ጠይቃት» ሲል ሰማች። ስልኩ ተዘጋ።

ዊልፍ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «ምን አልሽው?»

«አይቼሃለሁ አልኩት።»

«ዶሪን!» ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አደረግሽ? አሁንማ አይመጣም። አለቀ። ያፈረ ልጅ እንዴት...»

«አላፈረም፣ ዊልፍ» አለችው። «ቅዳሜ ይመጣል።»

ገና አልመሸም ነበር። ዶሪን ግን ግድግዳውን እየተደገፈች ሄዳ የውጭውን በር ቆለፈችው።